ባዶ የማይመለሰው ባልዲ

«እጅሽን እያወዛወዝሽ የሰው ደጅ ልትረግጪ ነው?» አለች አየሁሽ፣ በሩ ላይ ቆማ የልጇን መንገድ ዘግታ።

ሰርካለም መኪናው ጥሏት ሊሄድ መሆኑን እያስረዳች ለመነቻት። ውጭ፣ ተማሪዎችን ከብቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው ሚኒባስ ጥሩምባውን ደግሞ ነፋ። አየሁሽ ግን በመኪና ጥሩምባ የምትደናገጥ ሴት አይደለችም። ወደ ጓዳ ገብታ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዛ ወጣችና በልጇ ክንድ ላይ አሳረፈችው። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር። ባልዲው እዚያው ሞጣ ስለቀረ በእጅሽ ያዢው፣ ሳትደርሺም እንዳይቀዘቅዝ ታቅፈሽው ሂጂ አለቻት።

«እማዬ፣ ባንቺዓለም እኮ አሟታል። ለማን ልሰጠው?»

«እናቷ አለች አይደል? ደግሞ የታመመ ሰው ባዶ እጅ ይጠየቃል?»

 ሰርካለም ዳቦውን ታቅፋ ሮጠች።

ይህ ባልዲ የሚባለው ነገር ሰማያዊ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሚል፣ ገበያ ላይ የሚሸጥ ተራ የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ጣጣው የጀመረው የትምህርት ዓመቱ ሲገባ ነበር። የብቸናና የሞጣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ በሒሳብና በሳይንስ ከእኩዮቻቸው ቀድመው የሚሮጡ ተማሪዎችን በጋራ ለማስተማር ተስማሙ። አንዱ ብቻውን አይችለውም ነበር። ብቸና መምህር ስጦታው ነበሯት፤ ሒሳብን እንደ ተረት የሚያወሩ ሰው ናቸው። ሞጣ ደግሞ ማይክሮስኮፖቹ ከካርቶን የወጡለት ቤተ ሙከራ ነበራት። በመክፈቻው ዕለት ንግግር ያደረጉት ሰውዬ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ፤ ተማሪዎቹም ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ለስላሳ እያዩ አጨበጨቡ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ይገናኛሉ፤ አንዴ ሞጣ፣ አንዴ ብቸና። ከየከተማው አንድ አንድ ሆነው በጥንድ ይሠራሉ፤ ለጥንዱ የሚሰጠው ሥራም አንድ፣ ውጤትም አንድ ነው። ለማደሪያ የሚሆን በጀት ስላልተገኘ እንግዳው በጥንዱ ቤት ያድራል። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ስለሆኑ ደግሞ ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ ከፕሮግራሙ ይወጣል። ጥንዱም አብሮት ይወጣል።

የሰርካለም ጥንድ የሞጣዋ ባንቺዓለም ነበረች፤ ቀጭን፣ ቃል ቆጥባ የምትናገር፣ ስታስብ የእስክሪብቶ ክዳን የምታኝክ ልጅ። ሰርካለም በትምህርት ቤቷ «አንቺ እንኳ እጅሽን አውርጂ፣ ለሌሎችም ዕድል ስጪ» እየተባለች ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ናት። ባንቺዓለምን ስታገኝ ግን እጇን ማውረድ አላስፈለጋትም። አንዷ የጀመረችውን ሐሳብ ሌላዋ ትጨርሰዋለች፤ አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ ትስቅባታለች። ሰርካለም በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር።

መጀመሪያ ወደ ሞጣ ስትሄድ አየሁሽ ያንን ባልዲ ዳቦ ቆሎ ሞልታ ላከች። የባንቺዓለም እናት ሀብትነሽም የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ፣ ጭድ አንጥፋ እንቁላል ደርድራበት በልጇ እጅ ላከችው። አየሁሽ እንቁላሉን ስታይ፣ ይቺ ሴት የሰው ልጅ ናት አለች። በሚቀጥለው ሽሮና በርበሬ ሄደ። ቅቤ መጣ። ቅቤውን ስታይ የአየሁሽ ደስታ ትንሽ ወደ እልህ አዘነበለ። ባሏ የእህል ሱቅ አለውና ማኛ ጤፍ አስፈጭታ ባልዲውን እስከ አፉ ሞላችው። ሁለቱ ሴቶች በዓይን ተያይተው አያውቁም፤ ግን እንደ ሁለት የቅኔ ተማሪዎች በባልዲ ይመላለሱ ነበር።

ከማኛው ጤፍ በኋላ ባልዲው አልተመለሰም። በሚቀጥለው የብቸና ቅዳሜም የሞጣ ልጆች ከመኪና ሲወርዱ ባንቺዓለም አብራ አልወረደችም። አሟታል ተባለ።

እነሆ ዛሬ ሰርካለም ድፎውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ሞጣ ትጓዛለች። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ የዳቦው ሽታ መኪናውን ሞልቶት ነበርና ከኋላ ያሉት ልጆች «ሰርክዬ፣ እኛም እኮ ታመናል» እያሉ አላገጡባት። እሷ ሳቀች እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ባንቺዓለም ተሽሏት ይሆን እያለች ታስብ ነበር።

ቤተ ሙከራው በር ላይ የተቀበላት ታዘበው ነው። ታዘበው የሞጣ ልጅ ነው፤ ፈጣን፣ ጨዋታ የሚወድ፣ የባንቺዓለም የክፍል ጓደኛ። ዛሬ ግን ጨዋታ አልነበረውም።

«ባንቺዓለም አትመጣም» አላት፣ ጫማውን እያየ። «ፕሮግራሙ ደብሮኛል በላት ብላኛለች።»

«አሟት አይደል እንዴ?»

«አላመማትም። ትናንት ክፍል ነበረች።»

ሰርካለም መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ደብሮኛል! ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ አፈርና ውኃ በኋላ። የሁለቱ ሥራ ስለ አፈር ነበር፤ የብቸናው ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ ውኃ አላሳልፍ ብሎ ማሳውን ያጨቀየዋል፣ የሞጣው ቀይ አፈር ደግሞ ውኃውን ቶሎ ያወርደዋል። ሁለቱን ብንቀላቅላቸውስ፣ በምን ያህል ልክ ቢሆን ውኃ ሳይተኛም ሳያመልጥም ይቆያል? ጥያቄውን ያመጣችው ራሷ ባንቺዓለም ነበረች። እና አሁን ደበራት።

በዕረፍት ሰዓት ሰርካለም ጨርቁን ፈትታ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አወጣች። ኑ ብሉ አለች። ሁለቴ ያስለመናት የለም። ብቸናም ሞጣም ተረባርበው ሲነሡ ወደ ባንቺዓለም ቤት የሚደርስ ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈም። ሰርካለም ባዶውን ጨርቅ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ንዴቴ ያልፍልኛል ብላ ነበር፤ አላለፈላትም።

ከቀትር በኋላ መምህር ስጦታው ጠርተው ወደ መስኮቱ ወሰዷት። የታዘበው ጥንድ የነበረችው የብቸና ልጅ አባቷ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሮ አብራው ሄዳለች፤ ስለዚህ ታዘበው ብቻውን ቀርቷል። ባንቺዓለም ሁለት ጊዜ ቀርታለች፤ የሚቀጥለው የብቸና ቅዳሜ ላይ ከቀረች ሰርካለምም ቦታዋን ታጣለች። ከአሁኑ ከታዘበው ጋር ብትጣመር ግን ማንም አይነካትም፤ በባንቺዓለም ቦታ ከወረፋው ሌላ ልጅ ይገባል። መምህሩ ይህን ሁሉ በጥሞና አስረዷት።

«እኔ አንቺን ማጣት አልፈልግም» አሏት በመጨረሻ። «ነገ መኪናው ከመነሣቱ በፊት መልስሽን ንገሪኝ።»

የዚያን ዕለት ማደሪያዋ የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆኑት መምህርት ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ሰርካለም ግን ትምህርት ሲያልቅ ቀጥታ ወደዚያ አልሄደችም። «ደብሮኛል» የሚለውን ቃል ከራሷ ከባንቺዓለም አፍ መስማት ፈለገች። ልትጣላት ነበር የምትሄደው፤ እውነቱ ይነገር።

የቆርቆሮውን በር አንኳኳች። ባንቺዓለም በሩን በጠባቡ ከፍታ አንገቷን ብቅ አደረገች፤ ሰርካለም መሆኗን ስታውቅ ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፊቷ ሳይሆን ወደ እጇ ነበር። አንዱን እጅ አየች፣ ሌላውን እጅ አየች። ሁለቱም ባዶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው በሩን ከፈት ያደረገችው።

«ግቢ» አለች በቀስታ።

ሰርካለም መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ኃይለ ቃል ሁሉ ግቢው ውስጥ እግሯን ስታስገባ ጠፋባት። በግድግዳው ሥር የተቆረጡ የሃይላንድ ጠርሙሶች ተደፍተው በእንጨት ላይ ተሰቅለዋል፤ አፋቸው በጨርቅ ተወትፎ፣ ሆዳቸው አፈር ሞልቶ። ከአንዳንዱ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። በየጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ «ቀይ 3 ጥቁር 1»፣ «ቀይ 1 ጥቁር 1»፣ «ጥቁር ብቻ»።

«ደብሮኛል ያልሽው ይኼ ነው?» አለች ሰርካለም።

ባንቺዓለም የእስክሪብቶ ክዳኗን አፏ ውስጥ ከተተች። «እሱ ለራሴ ነው።»

«ለራስሽ? እኩል እኩሉን ደግመሽ ሠራሽው?»

«ሠራሁት። ግን በየጊዜው ይለያያል። አፈሩ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ጠጠር እንኳ ከገባበት ሁሉን ያበላሸዋል። ብዙ አፈር ቢኖረን፣ ጠርሙሱን ትተን ወፍራም ቱቦ ውስጥ ብናደርገው...» እዚህ ላይ መደበሯ ትዝ አላትና ክዳኗን መልሳ ነከሰች። ቆይታ ግን አላስችል ብሏት፣ «ደግሞ ጥቁሩ አልቆብኛል» አለች።

ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ጠርሙሶቹን መመርመር ጀመሩ። ጠቡ ተረሳ። ሰርካለም ቀና ስትል ነው ያየችው፦ የአጥሩ ምሰሶ ላይ፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ።

«ውይ፣ ባልዲያችን!» አለች እየሳቀች። ምንም ክፋት አልነበራትም።

የባንቺዓለም ፊት ግን ወዲያው ተለወጠ። ሰርካለም ዙሪያዋን ማየት የጀመረችው ያኔ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስትመጣ የጫማዋን ክር ትል መስሏቸው የሚጎትቱ ሁለት ዶሮዎች ነበሩ፤ ብቸና ተመልሳ ለእናቷ እየሣቀች ያወራችው ስለ እነሱ ነበር። ባለፈው ልብ ሳትል ቀርታ ነበር፤ አሁን ግን የዶሮ ቤቱ መዝጊያ ክፍት ነው፤ ውስጡ አሮጌ መጥረጊያ ተጋድሞበታል።

«ዶሮዎቹስ?»

«ቅቤ ሆኑ» አለች ባንቺዓለም።

 ከዚያ በኋላ ባንቺዓለም ያለወትሮዋ ብዙ ተናገረች። እናቷ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች፤ ለደብተርና ለሳሙና የሚሆናቸው የዶሮዎቹ እንቁላል ነበር። መጀመሪያ ባልዲው ሲመጣ እናቷ በጣም ደስ ብሏት ነበር፤ ልጄ ትልቅ ሰው ቤት ተከበረች ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ዳቦ ቆሎ አስቀምሳለች። ሽሮና በርበሬው ሲመጣ ዶሮዎቹን ወስዳ በቅቤ ለወጠች። ማኛው ጤፍ ሲመጣ ግን ክዳኑን ከፍታ አየችውና መልሳ ዘጋችው፤ ዱቄቱን ወደ ሌላ ዕቃ የገለበጠችው በማግስቱ ነው።

«ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባልዲውን ታየዋለች» አለች ባንቺዓለም። «ምንም አትልም። ታጥበዋለች፣ ትደፋዋለች፣ ትሄዳለች። እኔ ብቸና ከመጣሁ ባልዲው አብሮኝ መምጣት አለበት። በምን ይምጣ?»

«ባዶውን ይምጣ። ባልዲ እኮ ነው!»

«ላንቺ ባልዲ ነው። ባዶውን ይዘሽ ብትሄጂ የእናቴን ስም ነው ይዘሽ የምትሄጂው።»

ሰርካለም ይህን መካድ አልቻለችም። እናቷን ታውቃታለች። ባልዲው ባዶውን ቢመለስ አየሁሽ በአፏ ክፉ አትናገርም፤ ግን ክዳኑን ከፍታ፣ አይታ፣ «እንግዲህ» ትላለች። ያቺ «እንግዲህ» ከስድብ ትብሳለች።

«ለእናቴ ልንገራትና ትተወው።»

«እንዳትነግሪያት!» ባንቺዓለም እጇን ያዘቻት። «እናቴ ከሰማች በእፍረት ትሞታለች። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አለች ሰርካለም፤ ወዲያውም ሌላ መላ አመጣች። «እሺ እኔ ከገበያ የሆነ ነገር ገዝቼ ልሙላውና እናትሽ የላከችው ነው ልበል።»

«ከዚያስ? እናትሽ በሚቀጥለው በግ ነው የምትልከው።»

በጉ ከነቀንዱ ከባልዲው አንገቱን ብቅ አድርጎ ከብቸና ሞጣ ሲጓዝ ለሁለቱም ታያቸውና ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ሰርካለም ስትወጣ ነገ ትምህርት ላይ እንድትመጣ ለመነቻት፤ ባንቺዓለም ግን በሩን ይዛ መሬት መሬት አየች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰርካለም በማይክሮስኮፕ ውስጥ የምታየውን አታይም ነበር። ታዘበው ከአጠገቧ ተቀምጦ የሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየላጠ መስታወቱ ላይ ያስቀምጥላታል። ጥሩ ልጅ ነው። ጎበዝም ነው። ከሱ ጋር ብትጣመር ማን ይወቅሳታል? እሷ ምን አጠፋች? ባልዲውን የላከችው እናቷ፣ አልመጣም ያለችው ባንቺዓለም። ይህን ቤተ ሙከራ ማጣት አትፈልግም፤ ተመልሳ እጅሽን አውርጂ የምትባልበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን መቀመጥ አትፈልግም። ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረች፤ ልክ ነበር። ግን ከሥሩ አንድ ድምፅ አልጠፋ አላት፤ «ደግሞ ጥቁሩ አልቆብኛል» የሚለው።

ብዙ አፈር ቢኖረን፣ ብላ ነበር ባንቺዓለም። ሰርካለም ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሣች። ብዙ አፈር በምን ይጫናል?

መምህር ስጦታው ሻንጣቸውን እየዘጉ ሳለ ደረሰችባቸው።

«ከባንቺዓለም ጋር እቀጥላለሁ» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። «ትመጣለች?»

«አላውቅም።»

«ካልመጣች አንቺም እንደምትወጪ ገብቶሻል? እኔ ሕጉን መለወጥ አልችልም።»

«ገብቶኛል።»

«ሒሳቡን በደንብ ሠርተሽዋል?»

«ሠርቼዋለሁ» አለች ሰርካለም። ከዚያ መኪናው ትንሽ እንዲጠብቃት ለመነችና ሮጠች።

ሀብትነሽ ዛሬ ቤት ነበረች፤ አጭር፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ እጇ ከሥራ የጠነከረ ሴት። ሰርካለምን ስታይ በደስታ ሳመቻትና ወዲያው ዓይኗ ወደ ምሰሶው ሄደ። ባልዲያችሁን አስቀረንባችሁ፣ ይኼን ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ፣ እናትሽ እንዲያው ምን ትበለኝ፣ እያለች አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ጀመረች። ባንቺዓለም ከኋላዋ ቆማ ሰርካለምን በዓይኗ ትለማመጣታለች።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ባልዲውን ልወስደው ነው የመጣሁት» አለች ሰርካለም። «ባዶውን ግን አልወስደውም።»

 ሀብትነሽ ነጠላዋን አጠበቀች።

«ቀይ አፈር ይሙሉልኝ። እስከ አፉ።»

«አፈር?» ሀብትነሽ የሰማችውን አላመነችም። «ለሰው ቤት አፈር ይላካል እንዴ ልጄ? ሟርት አይሆንም?»

ሰርካለም ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ አስረዳቻት። ይህ አፈር ብቸና የለም። ያለ እሱ የሁለቱ ሥራ አይሄድም፤ እስከ ዛሬ የከሸፈባቸውም በፌስታል ቁንጥር አድርገው እየወሰዱ ስለነበር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባንቺዓለም ስትመጣ በትልቅ ቱቦ አብረው ይለኩታል፤ ስትመለስ ደግሞ በዚሁ ባልዲ የብቸናን ጥቁር አፈር ሞልታ ትመለሳለች። «ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አይኖረውም» አለች ሰርካለም። «አፈሩ ብቻ ነው የሚሞላው።»

ሀብትነሽ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። የገባት ይመስላል፤ ምን ያህሉ እንደገባት ግን ፊቷ ላይ አይነበብም ነበር። ዶማዋን አነሣችና ከጓሮው ዳር፣ ምንም ካልተዘራበት ቦታ መቆፈር ጀመረች። ጠጠሩን በጣቷ እየለቀመች ጣለች፤ ጓሉን አደቀቀች። ባልዲው ሲሞላ በመዳፏ ደልደል አደረገችው። ከዚያም ጉልት ላይ ለደንበኛ እንደምታደርገው አንድ እፍኝ ዘገነችና በላዩ ቆለለች።

«ምራቂ ነው» አለች። ፈገግ ስትል ሰርካለም ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት።

ባልዲውን አንድ አንድ ጎን ይዘው ሁለቱ ልጆች ወደ መኪናው ወሰዱት። በጣም ይከብድ ነበር፤ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ አሳረፉት።

«ጥቁሩ ከዚህ ይብሳል» አለች ሰርካለም። «ስትመለሺ ታዪዋለሽ።»

ባንቺዓለም እመጣለሁም አልመጣምም አላለች። የእስክሪብቶ ክዳኗን እያኘከች፣ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ መንገዱ ዳር ቆማ አየቻቸው።

አየሁሽ ባልዲዋን ስታይ ደስ አላት። አዬ፣ መጣ እንዴ እያለች፣ ክብደቱን በእጇ እየመዘነች፣ ምን ላከችልኝ ይሆን ብላ ክዳኑን ፈለቀቀችው። ከዚያ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ይኼ ምንድነው?»

«አፈር ነው። ለፕሮጀክታችን።»

«ከዚያ ከማኛ ጤፍ በኋላ፣ አፈር?»

«እኔ ነኝ ያስሞላሁት፣ እማዬ። እትዬ ሀብትነሽ ራሳቸው ቆፍረው፣ ጠጠሩን ለቅመው ነው የሰጡኝ። ለኛ ከጤፍ ይበልጥብናል።»

አየሁሽ አፈሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ለስልሶ፣ ተለቅሞ፣ ምራቂው ሳይቀር ተቆልሎ ነው። ከዚያ እንደ ዘበት፣ «እነዚያ ጫማሽን የሚጎትቱት ዶሮዎች ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

ሰርካለም ማርያምን ብላለች። ወደ ቦርሳዋ ዞራ ያልተበላሸውን ዚፕ ማስተካከል ጀመረች። አየሁሽ ዕድሜዋን እህል ስትሰፍር የኖረች ሴት ናት፤ ዝምታም ስትሰፍር አትሳሳትም። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ክዳኑን ቀስ አድርጋ መለሰችና ባልዲውን ዝናብ የማያገኘው ቦታ ላይ፣ ከጤፍ ማዳበሪያዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። «እንግዲህ» አላለችም።

እስከሚቀጥለው የብቸና ቅዳሜ ድረስ የሰርካለም እንቅልፍ የተቆራረጠ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ከማንም ቀድማ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። የሞጣው መኪና ቆመ፤ ታዘበው እየቀለደ ወረደ፣ ሌሎቹም ወረዱ። ሰርካለም የወረዱትን አንድ በአንድ በዓይኗ አለፈቻቸው። ባንቺዓለም የወረደችው በመጨረሻ ነው። በእጇ ምንም አልያዘችም። ሁለቱንም እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው የጨነቃት ትመስላለች፤ ሰርካለም ሮጣ ሁለቱንም ያዘቻቸው።

የዚያን ቀን ቱቦው ውስጥ ያፈሰሱት ውኃ እንደ ጠበቁት አልወረደም፤ ከጠበቁት በጣም ተለየ። መምህር ስጦታው አንገታቸውን እየነቀነቁ ይኼ ነገር ገና ብዙ ባልዲ ይፈልጋል አሉ። ሁለቱ ልጆች ተያይተው ሳቁ። ማታ ቤት ሲገቡ አየሁሽ ባንቺዓለምን አፈር ስሆን እያለች አጎረሰቻት፤ ስለ ባልዲ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል፣ ሰርካለም ባልዲውን ልታመጣ ወደ ጓሮ ሄደች። ባንቺዓለም በረንዳው ላይ ጫማዋን ታስራለች። አየሁሽ ራሷ ቆፍራ ባልዲውን በጥቁር አፈር ሞልታዋለች፤ ላዩንም ደልድላ አስተካክላዋለች። ሰርካለም አየችው። ከመጠን በላይ ተስተካክሏል። ጣቷን ስትሰድ አንድ የሚያሟልጭ፣ ክብ ነገር ነካች።

ቀና ስትል እናቷ የጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«ለመንገድ ብዬ ነው» አለች አየሁሽ፣ ወደ ሌላ ጎን እያየች። «ከእኛ ቤት ወጥታ እንዲያው ባዶውን...»

«ሙሉ ነው እኮ፣ እማዬ» አለች ሰርካለም።

ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ አፈሩን በጣቷ እያራገፈች እናቷ በዘረጋችው ነጠላ ላይ አስቀመጠቻቸው። አየሁሽ አልተከራከረችም። እንቁላሎቹ ከነበሩበት ቦታ አፈሩ ጎድጉዶ ቀርቶ ነበር። ሰርካለም ጎንበስ ብላ ከመሬት ጥቁር አፈር ዘገነችና ጉድጓዱን ሞላችው፤ በላዩም አንድ እፍኝ ምራቂ ጨመረች። ክዳኑን ገጠመችና አንዱን ጎን እንድትይዝላት ባንቺዓለምን ጠራቻት።